«ሆድ ተከፍቶ ካልታየ አይታመንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ ካንሰር ያልሆነ የኦቫሪ እጢና ላፓሮስኮፒ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በኦቫሪ (የሴት እንቁላል በሚፈጠርበት አካል) እና በማህፀን ቱቦ አካባቢ የሚወጣ ካንሰር ያልሆነ እጢ በላፓሮስኮፒ መውጣት የለበትም ሲል ይከራከራል። ላፓሮስኮፒ ማለት ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። የጽሑፉ ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ እጢ እንደተገኘ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ሆድ ሳይከፈት ማወቅ አይቻልም፤ መሣሪያው በጭፍን ስለሚገባ አንጀትና ደም ሥር ይበሳል፤ እጢው ሆድ ውስጥ ከፈነዳ መርዝ ነው፤ በኤሌክትሪክ ማቃጠሉ ኦቫሪን ያደርቃል፤ ተጠማዝዞ የጠቆረ ኦቫሪ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ እርጉዝ ሴት በላፓሮስኮፒ አትነካም፤ ፈሳሹን በመርፌ መቅዳት ከሁሉም ይሻላል፤ የትንሽ ቀዳዳ ጥቅም ለመልክ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት ያዘሉ አሉ፤ ቦታቸው ላይ ስንደርስ እውነትነታቸውን እንመሰክራለን። የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ግን የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ማዛባቱ ነው። ክርክሩን የጀመረው ከቁስሉ ስፋት ነው። ሴትዮዋን የሚጠብቃት ግን በመጀመሪያ እጢው ምን እንደሆነ መለየቱ፣ ቀጥሎ ጭራሹን መነካት ያለበት መሆኑን መወሰኑ፣ ከዚያም ኦቫሪው በጥንቃቄ መያዙ ነው። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ከተሠሩ፣ ካንሰር ላልሆነ እጢ ላፓሮስኮፒ የተሻለው መንገድ ነው። ካልተሠሩ ግን ሆድ ከላይ እስከ ታች ቢከፈትም አያድንም።

«እጢ ከተገኘ ቶሎ ይውጣ»

የወር አበባ በምታይ ሴት ኦቫሪ ላይ በአልትራሳውንድ የሚታየው አብዛኛው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በሽታ አይደለም። በየወሩ አንድ ፎሊክል፣ ማለትም እንቁላል የያዘ ትንሽ ውሃ አዘል ከረጢት፣ እንቁላሉን ከመልቀቁ በፊት 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሳይፈነዳ ከቀረ ማደጉን ይቀጥላል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚፈጠረው ኮርፐስ ሉቲየምም ውስጡ ሊደማና በአልትራሳውንድ ሲታይ የሸረሪት ድር የመሰለ አስደንጋጭ ምስል ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም በራሳቸው ጊዜ ይጠፋሉ።

የእንግሊዝ ሮያል የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ማረጥ ላይ ያልደረሰች ሴት ያላት ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሆነ ከረጢት ከ50 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል እንኳ አያስፈልገውም፤ በ3 የወር አበባ ዑደት ውስጥ ይጠፋል ተብሎ ይጠበቃል። ከ50 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ለሆነው በዓመት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ይበቃዋል። ከ70 በላይ ሲሆን አልትራሳውንዱ ሙሉውን በደንብ ላያሳይ ስለሚችል ኤምአርአይ ወይም ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ላረጠች ሴት ደግሞ በአንድ ጎን ያለ፣ ባለ አንድ ክፍል፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰና ሕመም የሌለው ከረጢት የሲኤ 125 የደም ምርመራው ጤናማ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ድጋሚ ይታያል። በ1 ዓመት ውስጥ ካልተለወጠ ወይም ካነሰ ክትትሉ ያበቃል።

ከረጢቱን ለማጥፋት ተብሎ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን መስጠትም የተለመደ ነው። ጥናቶች እንዳሳዩት ኪኒኑ የነበረውን ከረጢት ቶሎ እንዲጠፋ አያደርግም፤ መጠበቁ ብቻውን እኩል ይሠራል።

በሌላ አነጋገር፣ የጽሑፉን ምክር ተከትሎ ሁሉንም «ቶሎ» የሚያወጣ ሐኪም ብዙ ጤነኛ ኦቫሪ ይቆርጣል። ቀዶ ሕክምና የሚገባው ለማይጠፋ፣ ለሚያድግ፣ ሕመም ለሚፈጥር፣ የመጠምዘዝ አደጋ ላለው ወይም ምስሉ ለሚያጠራጥር እጢ ነው።

«ካንሰር መሆኑ ሆድ ሳይከፈት አይታወቅም»

ጽሑፉ በጣም የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ቆይታ የሚያስፈልገውም ይኸው ነጥብ ነው። ሙሉ እርግጠኛነት የሚገኘው ከፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ከመመርመር ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» እና «ምንም አይታወቅም» የተለያዩ ናቸው።

በሴት ብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ብዙ ይናገራል። አይኦታ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኦቫሪ እጢ ጥናት ቡድን ያወጣቸው ቀላል ሕጎች አምስት የደህና እና አምስት የክፉ ምልክቶችን ይዘዋል። የደህናዎቹ፦ እጢው ባለ አንድ ክፍል መሆኑ፤ ጠጣር ክፍል ቢኖረው እንኳ ትልቁ ከ7 ሚሊ ሜትር ማነሱ፤ ከኋላው የድምፅ ጥላ መጣሉ፤ ባለ ብዙ ክፍል ቢሆንም ግድግዳው ለስላሳ ሆኖ ከ100 ሚሊ ሜትር ማነሱ፤ የደም ፍሰትን በሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ ምንም ፍሰት አለመታየቱ ናቸው። የክፉዎቹ ደግሞ፦ ቅርጹ የተዛባ ጠጣር እጢ፤ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፤ ወደ ውስጥ የበቀሉ 4 ወይም ከዚያ በላይ ቡቃያ መሰል እብጠቶች፤ ከ100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ጠጣር ክፍል ያለውና ቅርጹ የተዛባ ባለ ብዙ ክፍል እጢ፤ በጣም ብርቱ የደም ፍሰት ናቸው። የደህና ምልክት ብቻ ከታየ እጢው ካንሰር ያልሆነ ተብሎ ይመደባል፤ የክፉ ብቻ ከታየ ካንሰር ተብሎ። ሁለቱም ከታዩ፣ ወይም አንዱም ካልታየ፣ ሕጉ መልስ የለውም፤ እጢው ልምድ ወዳለው የአልትራሳውንድ ባለሙያ ይላካል ወይም በኤምአርአይ ይታያል።

ሌላው መለኪያ የአደጋ ማውጫ የሚባለው ስሌት ነው፤ ሦስት ቁጥሮች ይባዛሉ። አንደኛው የአልትራሳውንድ ነጥብ ነው፦ ባለ ብዙ ክፍል መሆን፣ ጠጣር ቦታ፣ በሁለቱም ጎን መኖር፣ ሆድ ውስጥ ውሃ፣ ወደ ሌላ ቦታ የተሠራጨ እጢ ይፈለጋሉ። አንዱም ከሌለ 0፣ አንድ ካለ 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለ 3 ይሰጣል። ሁለተኛው ላላረጠች 1፣ ላረጠች 3 ነው። ሦስተኛው የሲኤ 125 መጠን ራሱ ነው። ለምሳሌ ያረጠች ሴት ባለ ብዙ ክፍልና ጠጣር ቦታ ያለው እጢ ኖሯት ሲኤ 125ቷ 30 ቢሆን፣ 3 በ3 በ30 ሲባዛ 270 ይሆናል። 200 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሲቲ ስካን ተነሥቶ ጉዳይዋ ለማህፀን ካንሰር ሐኪሞች ቡድን ይቀርባል። ልብ ይበሉ፦ 30 ብቻውን ሲታይ ከተለመደው የ35 ጣሪያ በታች ነው። ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ «ደህና ነሽ» የሚል ሐኪም ይህችን ሴት ያሳስታታል።

ሲኤ 125ን ብቻውን እንደ ካንሰር መመርመሪያ መቁጠርም ትክክል አይደለም። በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ)፣ በማህፀን ፋይብሮይድ፣ በማህፀን ቱቦ ቁስለት፣ በወር አበባ ሰሞንና በእርግዝና ሊጨምር ይችላል። በተቃራኒው በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ የኦቫሪ ካንሰር በግማሽ ገደማ ሴቶች ላይ ጤናማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ላላረጠች፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ከረጢት ላላት ሴት መታዘዝ የለበትም፤ ጭንቀት ከመግዛት በቀር ትርፍ የለውም። በአንጻሩ ዕድሜዋ ከ40 በታች ሆኖ ውስጡ የተወሳሰበ እጢ ላላት ሴት የሚያስፈልጉ፣ ግን የሚረሱ የደም ምርመራዎች አሉ፦ ኤልዲኤች፣ አልፋ ፌቶ ፕሮቲንና ኤችሲጂ። በወጣቶች የሚታየው ከእንቁላል ሕዋስ የሚነሣ ካንሰር የሚጠቆመው በእነዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ያለበት እጢ በተራ ላፓሮስኮፒ መነካት የለበትም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ጥርጣሬ ለሌለበት ደግሞ ካሜራው ራሱ ሌላ የምርመራ ዕድል ይሰጣል። እጢው ከመነካቱ በፊት የዳሌ ፈሳሽ ይወሰዳል ወይም ታጥቦ ይቀዳል፤ ከዚያም ሁለቱ ኦቫሪዎች፣ የሆድ ዕቃ ሽፋኑ፣ ሞራው፣ ትርፍ አንጀቱ፣ ጉበቱና ከጉበት በላይ ያለው፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ (ድያፍራም) አንድ በአንድ ይታያሉ። ከእምብርት በታች በአግድም በተከፈተ ሆድ ድያፍራምን እንዲህ አጥርቶ ማየት አይቻልም። በእጢው ላይ ቡቃያ፣ በሽፋኑ ላይ ዘር የመሰለ ነገር ከታየ ሐኪሙ እጢውን አይቀድም፤ ከተሠራጨው ላይ ናሙና ወስዶ ያቆማል፤ ወይም ፈጣን የፓቶሎጂ ምርመራና የካንሰር ቀዶ ሐኪም በቦታው ካሉ፣ ሴትዮዋም አስቀድማ ከፈቀደች፣ ወደ ሰፊ ቀዶ ሕክምና ይሻገራል። ፈቃዱ መጠየቅ ያለበት ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ኦቫሪ ሊወጣ እንደሚችልና ሆድ ሊከፈት እንደሚችል ተብራርቶ።

«በጭፍን ይገባል»

የመጀመሪያው መግቢያ የላፓሮስኮፒ አስጊ ደቂቃ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በላፓሮስኮፒ አንጀት የመጎዳት ዕድሉ ከ10,000 ሴቶች 4 ገደማ፣ የትልልቅ ደም ሥር ጉዳት 2 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የሚደርስባት ሴት አለችና፣ አደጋው እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚከላከሉት በዝርዝር ማወቅ ይገባል።

በመግቢያው ጊዜ አልጋው ዝርግ መሆን አለበት። ሴትዮዋን ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጎ ቀድሞ ማጋደል ትልቁን የደም ሥር ከእምብርት ሥር ያመጣዋል፤ የተለመደ ስህተት ነው። ፊኛዋ በካቴተር ባዶ ይደረጋል። ቀዳዳው የሚከፈተው በራሱ በእምብርቱ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሆድ ግድግዳ በጣም ስስ ሲሆን ሽፋኖቹም የተጣበቁ ናቸው። ቬረስ የሚባለው የጋዝ ማስገቢያ መርፌ ሲገባ ሁለት ጊዜ «ጠቅ» ይላል፦ አንዱ ጠንካራው የጡንቻ ሽፋን፣ ሁለተኛው የሆድ ዕቃ ሽፋን። ሆድን የሚነፋው ጋዝ ሲከፈት የመጀመሪያው ግፊት ከ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሆኖ ጋዙ በነጻ ከፈሰሰ መርፌው ቦታው ላይ ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ መርፌው በሞራ ወይም በግድግዳው ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መርፌውን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ክልክል ነው፤ የመርፌ ብስ የነበረውን ወደ ቀደዳ ይለውጠዋል። ሁለት ሙከራ ካልተሳካ ቦታ ወይም ዘዴ ይለወጣል።

ቀጥሎ ያለው ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ ነው። ካሜራና መሣሪያ የሚያልፍበት ቱቦ (ትሮካር) ከመግባቱ በፊት ግፊቱ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መድረስ አለበት። የሆድ ግድግዳ በዚህ ግፊት ሲወጠር ከአንጀትና ከደም ሥር ይርቃል፤ ሲጫኑትም ወደ ውስጥ አይሰምጥም። በ12 ላይ የሚያስገባ ሐኪም ይህን ርቀት ያጣል። ካሜራው እንደገባ ዙሪያውን 360 ዲግሪ ይታያል፤ የተጣበቀ አንጀት ወይም ደም ካለ ያኔ ይገኛል። ሌሎቹ ትሮካሮች በዓይን እየታዩ ከገቡ በኋላ ግፊቱ ወደ 12 እስከ 15 ይወርዳል፤ ሴትዮዋም ያኔ ትጋደላለች። የጎን ትሮካሮች የሚገቡት በሆድ ግድግዳ የሚያልፈው የታችኛው ኤፒጋስትሪክ ደም ሥር ከውስጥ ታይቶ፣ ከእሱ ወደ ውጭ ተርቆ ነው።

ቀደም ሲል ሆዷ በቁመት የተከፈተ ሴት እምብርቷ ሥር አንጀት ወይም ሞራ የመጣበቅ ዕድሉ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፤ ከእምብርት በታች በአግድም ለተከፈተች 23 በመቶ ገደማ። ለእነዚህ መግቢያው ከግራ የጎድን አጥንት ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በአንገት አጥንት አጋማሽ መስመር ላይ ያለው የፓልመር ነጥብ ነው፤ ጣፊያዋ ላደገ ወይም ጨጓራዋ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ለተደረገበት ሴት ግን አይሆንም። ሌላው ምርጫ እምብርቱ ላይ በዓይን እያዩ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ መግባት ነው። በጣም ቀጭን ሴት ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዋናው የደም ሥር ከቆዳዋ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል። «በጭፍን» የሚለው ቃል የሚገባው እነዚህን ለማይከተል ሐኪም ነው።

«ከፈነዳ መርዝ ነው»

እጢ በላፓሮስኮፒ ሲወጣ የመፍሰስ ዕድሉ ሆድ ተከፍቶ ሲወጣ ካለው ይበልጣል። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው። መዘዙ ግን እንደ እጢው ዓይነት ይለያያል።

ንጹሕ ውሃ ከሆነ ምንም ጉዳት የለውም። ካንሰር ከሆነ ጉዳቱ እውነተኛ ነው፦ ፊጎ በሚባለው ዓለም አቀፍ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን የ2014 (እ.ኤ.አ.) የካንሰር ደረጃ አመዳደብ በኦቫሪ ብቻ የተወሰነ ካንሰር በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከፈሰሰ ደረጃው ወደ 1ሲ1 ከፍ ይላል፤ ሳያስፈልጋት ትቀር የነበረችው ሴትም ኬሞቴራፒ ሊታዘዝላት ይችላል። ከላይ ስለ ምርመራው ያን ያህል የጻፍነው ለዚህ ነው። ላረጠች ሴትም ከረጢቱን ከኦቫሪው መላጥ አይመከርም፤ ኦቫሪው ከነቱቦው ሙሉ ለሙሉ ይወጣል፣ በማውጫ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ። ይህ ሲደረግ ለኦቫሪው ደም የሚያመጣው ጅማት ከመቃጠሉና ከመቆረጡ በፊት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቱቦ በዳሌው አፋፍ ሲያልፍ በዓይን መታየት አለበት፤ ከጅማቱ አጠገብ ስለሚሄድ ሳይታይ አብሮ የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው።

ዴርሞይድ የሚባለው ስብና ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ የያዘ እጢ ሲፈስ ሊያስከትል የሚችለው የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት ነው። በተጠቀሰው የ2011 መመሪያ መሠረት ይህ የሚደርሰው ከፈሰሰባቸው ሴቶች 0.2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ይህን ያህል ጥቂት የሚሆነው ግን በደንብ ከታጠበ ነው። የዴርሞይድ ስብ በሰውነት ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ የሚያጥብ ሐኪም ስቡን በአንጀት መካከል ያረጋዋል። ውሃው እስከ ሰውነት ሙቀት ሞቆ፣ በብዙ ሊትር፣ የሚንሳፈፍ የዘይት ጠብታ እስኪጠፋ መታጠብ አለበት። የሴትዮዋ ጭንቅላት ከፍ ተደርጎ ፈሳሹ ወደ ዳሌ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቀዳል፤ ፀጉሩ ይለቀማል።

ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የያዘ እጢ ሲገኝ ትርፍ አንጀቱን ሳያዩ መውጣት አይገባም። ሆድን በንፍጥ የሚሞላው በሽታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ አንጀት መሆኑ ዛሬ ይታወቃል።

እጢው ከሆድ የሚወጣው በማውጫ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ነው። የቦርሳው አፍ በ10 ወይም በ12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወደ ውጭ ይሳባል፤ ፈሳሹ እዚያው ቦርሳው ውስጥ ይቀዳል፤ የሟሸሸው ግድግዳ ይወጣል። ቦርሳውን በጉልበት መጎተት ይቀድደዋል፤ ቀዳዳውን ጥቂት ማስፋት ይሻላል። በመጨረሻም መካከል ላይ ከ10፣ ጎን ላይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቀዳዳ ጠንካራው ሽፋኑ ካልተሰፋ አንጀት ይወጣበታል።

«ኦቫሪን ያደርቃል»

ኦቫሪን የሚጎዳው ካሜራው አይደለም። በቸልታ የተያዘ ኦቫሪ ሆድ ተከፍቶም ይጎዳል። ሆኖም ስጋቱ መሠረት ስላለው በቁም ነገር እንመልሳለን።

ከረጢት ሲላጥ አብሮት ጤነኛ የእንቁላል ክምችት ሊወጣ ይችላል፤ ደም ለማቆም የሚደረገው ማቃጠልም የቀረውን ያዳክማል። ይህ በተለይ በኢንዶሜትሪዮሲስ ከረጢት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የእንቁላል ክምችትን የሚያመለክተው የኤኤምኤች ሆርሞን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይወርዳል። ምክንያቱ የኢንዶሜትሪዮሲስ ከረጢት እውነተኛ ግድግዳ ስለሌለው ነው፤ የሚላጠው ወደ ውስጥ የታጠፈ የኦቫሪው ቆዳ ነው። ዴርሞይድ ግን የራሱ ግድግዳ ስላለው በቀላሉ ይለያል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ኦቫሪው የሚቀደደው ደም ሥሮቹ ከሚገቡበት በተቃራኒ ባለው ጎን ነው፤ ላዩን ብቻ፣ ከረጢቱን ሳይነኩ። በኦቫሪውና በከረጢቱ መካከል ያለው መስመር ይፈለጋል፤ ጨዋማ ውሃ በመርፌ መንዛት መስመሩን ይከፍተዋል። ከዚያ በሁለት የማይቆነጥጡ መያዣዎች አንዱ ከረጢቱን፣ ሌላው ኦቫሪውን ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ መያዣዎቹም በየጊዜው ወደ መላጫው መስመር እየቀረቡ ይቀየራሉ። ከሩቅ ይዞ መጎተት ይቀድዳል። ቀይ፣ የሚደማ፣ ጭረት ያለው ሥጋ ከከረጢቱ ጋር ተጣብቆ ሲመጣ መስመሩ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ቆም ብሎ ትክክለኛውን መስመር መፈለግ ያስፈልጋል። ደም ሥሮቹ ወደሚገቡበት ቦታ ሲደረስ ደሙ ይበረታል፤ ብዙ ኦቫሪ የሚቃጠለው እዚያ ነው። የሚደማውን ነጥብ በውሃ እያጠቡ ለይቶ በባይፖላር (በሁለት ጫፎቹ መካከል ብቻ በሚያቃጥል የኤሌክትሪክ መያዣ) በአጭር በአጭሩ መንካት፣ ከዚያ ባለፈ ግን በቀጭን የሚሟሟ ክር መስፋት ለክምችቱ የተሻለ ነው። ከረጢቱ የተላጠበትን ቦታ በሙሉ ጠቆር እስኪል መጥበስ የጽሑፉን ስጋት እውነት ያደርገዋል።

የማይነኩም አሉ። በሰው ሠራሽ መንገድ ለማርገዝ የምትዘጋጅ ሴት የኢንዶሜትሪዮሲስ ከረጢት ስላላት ብቻ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል ተብሎ በልማድ መቀደድ እንደሌለባት የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ማኅበር የ2022 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ይናገራል። በሁለቱም ኦቫሪ ላይ ያላት፣ ወይም ቀደም ሲል አንድ ጊዜ የተሠራላት ደግሞ ከመወሰኗ በፊት ኤኤምኤችዋ መታየት፣ እንቁላል የማስቀመጥ አማራጭም ሊነገራት ይገባል።

«የጠቆረ ኦቫሪ ይቆረጥ፤ እርጉዝ አትነካ»

ኦቫሪ ሲጠማዘዝ መጀመሪያ የሚታገደው መላሹ ደም ነው፤ ስለዚህ ያብጣል፣ ሰማያዊና ጥቁር ይሆናል። ቀለሙ የመሞቱ ማስረጃ አይደለም። ተፈትቶ ከተተወ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ መሥራቱን ይቀጥላል፤ በክትትል አልትራሳውንድ ላይም ፎሊክሎች ይታያሉ። ሲፈታ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል የሚለው የቆየ ፍርሃትም በጥናት አልተደገፈም። ማርገዝ ለምትችል ሴት ሕጉ መፍታት ነው። ያበጠ ኦቫሪ ላይ ከረጢት መላጥ ብዙ ስለሚያደማ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ መመለስም ይቻላል። ለሐኪሞች አንድ ማሳሰቢያ፦ በዶፕለር ደም መታየቱ መጠምዘዝ የለም አያሰኝም። ድንገተኛ የአንድ ጎን ሕመም ከማስመለስ ጋር ከእጢ ጋር ተዳምሮ ሲመጣ ሰዓት መቁጠር ኦቫሪ ያስከፍላል።

በእርግዝና ጊዜ የሚታዩ ብዙዎቹ ከረጢቶች እስከ 16 ሳምንት ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የማያስቸኩለው ይጠበቃል። የግድ ከሆነ በሁለተኛው ሦስት ወር ማድረጉ ይመረጣል። አስቸኳይ ከሆነ ግን በየትኛውም ወቅት በላፓሮስኮፒ ይሠራል። የጋዙ ግፊት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል፤ ማህፀኑ ከፍ ሲል ሴትዮዋ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ መግቢያው ከማህፀኑ አናት በላይ ይደረጋል። ከ10 ሳምንት በፊት ኮርፐስ ሉቲየሙ ከወጣ እርግዝናን የሚደግፈው የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ይሰጣታል።

«በመርፌ ይቀዳ»

አይሆንም። ግድግዳው ስለሚቀር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ይሞላል፤ የተቀዳው ፈሳሽ ምርመራም ካንሰርን በአስተማማኝ አያሳይም። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሐኪሙ በገዛ እጁ አፍስሶታል።

«ጥቅሙ ለመልክ ነው»

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ላፓሮስኮፒን ሆድ ከፍቶ ከመሥራት ጋር ያነጻጸሩ 12 ጥናቶችን፣ 769 ሴቶችን ያካተቱ፣ ገምግሞ ነበር። ካንሰር ላልሆነ የኦቫሪ እጢ ላፓሮስኮፒ የተደረገላቸው ሕመማቸው ያነሰ፣ ትኩሳትና ሌሎች ችግሮች የቀነሱ፣ የሆስፒታል ቆይታቸውም በ3 ቀን ገደማ ያጠረ ነበር። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ደግሞ በማህፀን ቱቦዎቿ ዙሪያ የሚፈጠረው መጣበቅ መቀነሱ ከሁሉም ይበልጣል።

አብዛኞቹ ሴቶች በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤት ይሄዳሉ። በትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማው ሕመም ከድያፍራም ሥር ከቀረው ጋዝ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ወደ ቤት የምትሄድ ሴት ሁሉ ግን በጽሑፍ ይዛ መሄድ ያለባት አንድ ነገር አለ፦ ከላፓሮስኮፒ በኋላ ሕመም በየቀኑ መቀነስ አለበት። ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም የሽንት መቅረት ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሠራላት ሆስፒታል መመለስ አለባት። ከአንጀት ጉዳቶች እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምናው ሰዓት አይታዩም፤ የተቃጠለ አንጀት ደግሞ ከቀናት በኋላ ሊበሳ ይችላል። ተረኛው ሐኪምም «ጋዝ ነው» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ መመለስ የለበትም፤ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ አንጀት ተጎድቷል ብሎ ይነሣ፣ የቀዶ ሐኪሙን ይጥራ፣ ሲቲ ስካን ይዘዝ፤ ሲቲው ንጹሕ ሆኖ ሴትዮዋ እየባሰባት ከሄደች ደግሞ ካሜራው ተመልሶ ይግባ።